የተከበበው ወታደር

ፈጠራ ነው የሚል ይበል... እኔ ግን እዚያው ነበርኩ።

2002 ዓ.ም.፣ ክረምት፣ ሐዋሳ፣ ታቦር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር።

ያኔ መናኸሪያ አካባቢ ኮምፒዩተር እጠግን ነበር። ሳያት የምትባል ልጅ መጥታ አባቷ ጌም ላይ ተተክለው እህል መቅመስ እንደተዉ ነገረችኝ።

ከኮምፒዩተሩ ጋር ተራ በተራ የሚጫወቱት የጥንት ዘመን ጦርነት ጌም ነው። ተራው የኮምፒዩተሩ ሲሆን ቀጥ ይላል። አባቷ ግን አያጠፉትም... ቁጭ ብለው ያዩታል።

ከተስተካከለ ተጫውተው ይነሱ ይሆናል ብላ ለመነችኝ። አብሬያት ሄድኩ።

አባቷ ጋሽ ሽበሺ ስገባ ቀና ብለው አላዩኝም።

ችግሩን ቶሎ አገኘሁት። አንድ የጠላት ወታደር በእሳቸው ወታደሮች ዙሪያውን ተከቧል። ኮምፒዩተሩ መሄጃ ይፈልግለታል... ያጣል... እንደገና ይፈልጋል። ተራው የማያልቀው ለዚህ ነው።

ከከበቡት አንዱን ጌሙ ከተቀመጠበት ፋይል ላይ ባጠፋው ይለቃል። ይህንን ስነግራቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"አውቄ ነው የከበብኩት።"

"ለምን?"

"ሲራመድ... እዚህ ቤት ውስጥ ኮቴው ይሰማል።"

እጄን ከኪቦርዱ ላይ አነሳሁ።

"ባለፈው ሙሉመቤት መኝታ ክፍል ድረስ ሄደ። በነጋታው ቀበርናት።"

ሙሉመቤት ባለቤታቸው ነበሩ። ሳያት ከኋላቸው ቆማ በዓይኗ ምልክት ሰጠችኝ። ሐዘን ነው፣ ቀጥል ማለቷ ነው። እኔም እንደዚያ መሰለኝ።

ከከበቡት አንዱን አጠፋሁት። ጌሙን መልሼ ከፈትኩ።

ወታደሩ ዞረ... አንድ እርምጃ ተራመደ።

ከጀርባችን ኮሪደሩ ላይ አንድ ኮቴ ተሰማ።

ሳያት እጄን ጨመቀችው። ሌላ ኮቴ... ሌላ... መኝታ ክፍሎቹን አለፈ። እኛንም አለፈ።

የውጭው በር ቀስ ብሎ ተከፈተ።

ማንም የለም።

ስክሪኑን አየሁ። ወታደሩ ካርታው ላይ የለም።

"ወጣ" አሉ ጋሽ ሽበሺ በሹክሹክታ። "አሁን በምን እከበዋለሁ?"

ወደ ደጅ ሮጥኩ።

ባጃጆች ዳገቱን እየወጡ ነው። የመጀመሪያው፣ መንገዱ ባዶ ሆኖ ሳለ፣ ወደ ጎን ታጥፎ አለፈ። ሁለተኛው ከዚያ ቦታ ትንሽ ወደ ታች ታጠፈ። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያም ወደ ታች... የሚታጠፉበት ቦታ ወደ ከተማው እየወረደ ነው።

ሾፌሮቹ በሙሉ፣ እዚያ ቦታ ሲደርሱ፣ ጎንበስ እያሉ ለአንድ ሰው ሰላምታ ይሰጡ ነበር።