በሰው ትከሻ የተከፈለ ስለት

በሺህ ስድስት መቶ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ዝናቡ ባባራ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከወንዙ ዳር የድንጋይ ካባ ተነሥቶ ወደ ኮረብታው ራስ የሚወጣው መንገድ ጭቃው ገና አልጠነከረም ነበር፤ በዚያም መንገድ አንድ ሰው በየማለዳው አንድ ጥርብ ድንጋይ በትከሻው አድርጎ ይወጣ ነበር፤ ከኋላው የገዥው ጸሐፊ ሰሌዳ ይዞ ይከተለዋል፤ ድንጋዩ በአዲሱ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር ሲወርድ አንድ ጭረት ይጭርና ይመለሳል። ተሸካሚው ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ እህልም ውኃም አይቀምስም። ይህን ሁሉ ከመንገዱ ዳር ካለች ቤቷ ደጃፍ ቆማ የምትመለከት አንዲት ወጌሻ ነበረች፤ ሰውየው ታናሽ ወንድሟ ነው። በካባው ሁለት ሰው የሚያነሣውን ብቻውን ስለሚያነሣ ሰዉ ስሙን ትቶ "ትከሻው" ይለዋል።

ስለቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ ወጌሻዋ ዝም ባለች ነበር። የተሳሉት ግን የአገሩ ገዥ ናቸው። ባለፈው ዓመት ንዳድ ጥሏቸው፣ ሐኪሞቹ ተስፋ ቆርጠው ከወጡ በኋላ፣ በመኳንንቱ ሁሉ ፊት፣ "ከዚህ አልጋ ብታስነሣኝ አርባ ቀን እጾማለሁ፤ በየቀኑም አንድ ድንጋይ በገዛ ትከሻዬ ተሸክሜ ቤትህን እሠራለሁ" ብለው ተሳሉ፤ ድነውም ተነሡ። ከተነሡ በኋላ ወደ ካባው ወርደው ድንጋዩን አዩት፤ አንዱንም በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት፤ ከዚያ ፊታቸውን አጨፍግገው ወደ ግቢያቸው ተመለሱ።

መላ ያመጡት የቤተ ክርስቲያኑ አለቃ ናቸው። ንጉሥ በሠራዊቱ ክንድ ይዋጋል፤ ድሉ ግን የንጉሡ ይባላል፤ እንግዲህ ገዥ በሎሌው ገላ ቢጾም ምን ነውር አለው አሉ። ነውርማ ነበረው፤ ግና ከመኳንንቱ መካከል አፉን የከፈተ አልተገኘም። አለቃው ትከሻውን አስጠሩት። በጎረምሳነቱ መጠጥ የማይጠግብ፣ ድብድብ የማያመልጠው ሰው ነበር፤ ይህንም አገር ያውቀዋል። "ያ ገላህ ስንት ዘመን ለሰይጣን ተገዛ፤ አሁን እግዚአብሔርን አክብርበት" አሉት። እሱም የዋህ ነውና አልቅሶ እሺ አለ። የእሱ ልብ ንስሐ ሰማ፤ እሳቸው ያሰቡት ግን የጌታቸውን ጀርባ ከጭነት ማዳን ነበር።

በሠላሳ ዘጠነኛው ቀን፣ ትከሻው ከእኅቱ ደጃፍ ሲደርስ ድንጋዩን በአጥሩ ግንብ ላይ አስደግፎ ቆመ። ከንፈሩ ነጥቷል፤ ዓይኑ የሚያይ አይመስልም። ወጌሻዋ አላስቻላትም፤ ማር የተበጠበጠበት ውኃ በጣሳ አምጥታ ወደ አፉ ብታስጠጋለት፣ ምን እንደሆነ ሳያውቅ ሁለት ጊዜ ተጎነጨ። ጸሐፊው ወደ ኋላ ቀርቶ ከጫማው ላይ ጭቃ ሲያራግፍ ነበርና አላየም። ነገሩ እዚያው ተድበስብሶ በቀረ ነበር፤ ትከሻው ግን ድንጋዩን አድርሶ በቀጥታ አለቃው ዘንድ ሄደና ራሱ ተናገረ። የእውነተኛ ሰው ጣጣው ይኸው ነው።

አለቃው ጢማቸውን እየዳበሱ፣ "ጾሙ ፈርሷል። ከሰኞ ጀምረህ እንደገና አንድ ብለህ ትቆጥራለህ" አሉት።

ይህን ወሬ ይዞ ሲመጣ ወጌሻዋ ልብሱን አስወልቃ ትከሻውን ዳሰሰችው። ሃያ ዓመት የስንቱን አጥንት ወደ ቦታው የመለሱ ጣቶች ናቸው፤ አይሸወዱም። የቀኙ መጋጠሚያ ከቦታው ሸሽቷል፤ ዙሪያው ያለው ሥጋ አልቆ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተለጥፏል። "እጅህን አንሣ" አለችው። እስከ ደረቱ አነሣው፤ ከዚያ ወዲያ እምቢ አለ።

"እስቲ አማትብ።"

በግራ እጁ አማተበ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ሁለት ሳምንት ይሆነዋል። እንዳትቆጪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።"

"ሰኞ ብትጀምር አሥር ቀን አትቆይም። ትሞታለህ፤ አጥንት የማውቅ እኔ ነኝ የምነግርህ።"

"እኔ እኮ ለሳቸው ብዬ አይደለም የምሸከመው፣ እትዬ" አላት ዝግ ብሎ። "ለማን እንደምሸከም የሚያውቅ ያውቃል።"

"እሱማ ያውቃል። ግን የሰጠህን ገላ ግደልልኝ አላለህም። አከበርኩት እያልክ የሠራውን ልታፈርስበት ነው።"

ትከሻው ልብሱን በአንድ እጁ ሊለብስ ሲታገል እንባዋ መጣ። እናታቸው ስትሞት ጡት ያልጣለ ሕፃን ነበር፤ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። በጣሳ ያጠጣችውም እሷ ናት፤ ያ ደግሞ እንደ እሾህ ይወጋታል። ሻሿን አሠረችና ወደ ገዥው ግቢ ወጣች።

የበር ጠባቂው የተሰበረ አንጓውን ያሸችለት ሰው ስለ ነበር አልከለከላትም። ጊዜው እኩለ ቀን ነው፤ ገዥው ማዕድ ቀርቦላቸዋል፤ የተጠበሰ የበግ ቅልጥም በእጃቸው ይዘዋል፤ አለቃው በቀኛቸው፣ መኳንንቱ በግራ በኩል ተደርድረዋል።

"ምን ፈልገሽ ነው?" አሉ ገዥው።

ወጌሻዋ እጅ ነሣችና ቀና አለች። "አንድ ነገር ልጠይቅ ነው፣ ጌታዬ። ወንድሜ የሚጾመው ጾም የማን ነው?"

አለቃው ቀደም ብለው፣ "የገዥው ነው። ይህ ተወስኖ ያለቀ ጉዳይ ነው" አሉ።

"እንግዲያው ወንድሜ ሁለት ጉንጭ ውኃ መጠጣቱ የጌታዬን ጾም ካፈረሰው፣ ይሄ ቅልጥም አላፈረሰውም? አይ፣ ጾሙ የወንድሜ ነው ከተባለም፣ የጌታዬ ስለት ገና አልተጀመረም ማለት ነው። እኔ ያልተማርኩ ሴት ነኝ፤ አባታችን ያስረዱኝ።"

ገዥው ቅልጥሙን በሳህኑ ላይ አኖሩት፤ ግንባራቸውንም በመዳፋቸው ዳሰሱ፤ ንዳዱ ተመልሶ እንደሆነ የሚፈትሹ ይመስሉ ነበር።

"ይህችን ሴት አስወጧት" አሉ አለቃው።

"ተዉአት" አሉ ገዥው። "ምንድን ነው የምትፈልጊው?"

"ወንድሜን ይልቀቁልኝ። አንድ ቀን ቀርቷል፤ እሱን ባለቤቱ ይወጣው። ለርስዎም እግዚአብሔር ትከሻ አልነፈገዎትም፤ ሁለቱም ከዚህ ይታዩኛል።"

ከመኳንንቱ አንዱ ሳቁ አመለጠው፤ በሳል ሸፈነው። ገዥው ግን አልሳቁም። ወደ አለቃው ዞረው፣ "ሰኞ እኔ ራሴ እወጣለሁ" አሉ።

ሰኞ፣ ቁርሳቸውን በልተው፣ መለከት እየተነፋላቸው ወጡ። ከካባው ትንሹ ድንጋይ ተመርጦ፣ ሁለት ሎሌዎች አንሥተው በትከሻቸው ላይ አኖሩላቸው። ሰባት እርምጃ ሄዱ። በስምንተኛው ወገባቸው ቋ አለ፤ ድንጋዩ የአለቃውን እግር ለጥቂት ስቶ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። ሎሌዎቹ አንሥተው እስከ ኮረብታው ራስ ወሰዱት፤ ጸሐፊውም አርባኛውን ጭረት ጫረ። ወጌሻዋ ይህን ከደጇ ቆማ አየች፤ ወንድሟ እንዲያርፍ ተፈቅዶለት በቤቷ ተኝቶ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ገዥው አስጠሯት፤ መገላበጥ አቅቷቸዋል። ተናዳ ነበር፤ ጀርባው ግን ምን አደረገ ብላ ዘይቱን አሙቃ አንድ በአንድ አሸችው። ሥራ ማበላሸት አታውቅበትም። ለስላሳ ጀርባ ነበር፤ የሰባት እርምጃ ጭነት ብቻ ያለበት።

"ምን ልስጥሽ?" አሉ ገዥው፣ ትንፋሻቸው ሲመለስ።

"ለኔ ምንም። ጸሐፊዎ እውነቱን ይጻፍ። ሠላሳ ዘጠኙን የተሸከመው ወንድሜ ነው ይበል።"

"ይጻፋል" አሉ።

አልተጻፈም። የገዥው ዜና መዋዕል፣ "አርባ ቀን ጾመው፣ አርባ ድንጋይ በገዛ ትከሻቸው ተሸክመው፣ በገላቸው እግዚአብሔርን አከበሩ" ይላል፤ ሌላ አይልም። ይህ በቤተ ክርስቲያኑ በተነበበ ዕለት ወጌሻዋ ከምእመናኑ መካከል ተነሥታ ልትጮህ ስትል ወንድሟ በግራ እጁ ልብሷን ይዞ አስቀመጣት፤ "ተይ፣ እኔ ለመጽሐፍ ብዬ አይደለም" አላት። እሷ ግን አልተወችም። ከዚያ ወዲያ በኖረችበት ዘመን ሁሉ፣ እጇ ላይ ለወደቀ ስብራት ሁሉ፣ ታካሚው አጥንቱ ተይዞ መሮጥ በማይችልበት ሰዓት ነገሩን ከነሙሉ ዝርዝሩ ትነግረው ነበር። ትከሻውም ዘጠኝ ዓመት ኖሮ፣ ቀኝ እጁን ከደረቱ በላይ ሳያነሣ ሞተ። እሷም ተከተለችው፤ ያሸቻቸው ሰዎችም አንድ በአንድ አለቁ፤ የሚናገር አልቀረም። ዜና መዋዕሉ ግን አልጠፋም። እስከ ዛሬም በዚያ ቤተ ክርስቲያን፣ ሰባኪው ሰው በገላው ፈጣሪውን እንዴት እንደሚያከብር ሊያስተምር በተነሣ ቁጥር፣ የገዥውን ትከሻ ምሳሌ አድርጎ ይጠቅሳል።