ሐይቁ መሀል የሚጠፋው ሞተር

ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ጸጥ አለ። ጉማሬ ሊያዩ የተሳፈሩት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያዩ።

«ደግሞ ቆመ? አቦ፣ ዛሬ በዋና ነው የምንመለሰው» አለች ሰሚራ የምትባል ተማሪ። ስልኳን ወደ ሞተሩ አዙራ መቅረጽ ጀመረች።

ሮሆቦት በንዴት ጥርሷን ነከሰች። ክረምቱን ሙሉ እኩዮቿ ሲዝናኑ እሷ ከጀልበኛው አባቷ ከአምሳሉ ጋር ይህን የተጣለ ሞተር በታትና ስትገጥም ነው የከረመችው። የኤሌክትሪክ ሽቦውን ደግሞ ብቻዋን ነው የዘረጋችው። የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ ይህን መሥራቷ ሐይቅ ዳር ላሉት ጀልበኞች አልተዋጠላቸውም። በተለይ ጋሼ ብዙአየሁ ከራሳቸው ጀልባ ይልቅ የሰው ጀልባ የሚያሳስባቸው ሰው ናቸው። ሞተሩ በቆመ ቁጥር፣ መልሱን እያወቁ፣ «ሽቦውን ማን ነበር የነካው?» ይላሉ።

አባቷ በፊት ይከራከርላት ነበር። አሁን አሁን ግን ዝም ማለት ጀምሯል፤ ከሁሉም በላይ እሷን የሚያበግናት ይህ ዝምታው ነው።

አምሳሉ እንደ ልማዱ የቤንዚኑን ጀሪካን ጎተተ። መጀመሪያ ሰሞን ማዕበል ቤንዚኑ ውስጥ ውሃ ስለጨመረበት፣ ክዳኑን በፌስታል ሸፍኖ በከመነዳሪ ላስቲክ ቁራጭ ጥፍር አድርጎ ያስረዋል። ፈታው፣ ክዳኑን ከፍቶ አየ። ቤንዚን አለ። ቀጥሎ የሞተሩን እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ነቅሎ ጠራርጎ መለሰ። ሞተሩ ተነሣ። ፌስታሉንም እንደነበረው አሰረ።

ጥቂት እንደሄዱ ሞተሩ እንደገና ቆመ።

«በቃ፣ ይሸጣል» አለ አምሳሉ። «ያ ሞተሩን ልግዛችሁ ያለው የቱላው ሰውዬ ነገ መጥቶ ይውሰደው። አንቺም ትምህርትሽን ያዢ።»

«አይሸጥም።»

«ሮሆቦት፣ ሰው ፊት አትመልሺልኝ።»

«የሠራሁትን አውቃለሁ፣ አባዬ። ካንዴላውን አትንካው። ዛሬ እኔ ልየው።»

መልሱን ሳትጠብቅ ጀሪካኑን ሳበችው። ጎንና ጎኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዷል፤ የሃይላንድ ውሃ ጠርሙስ በአፍ ሲመጥጡት እንደሚኮማተረው ሆኗል። ፌስታሉን ፈትታ ክዳኑን ስታላላው አየር እያፏጨ ገባና ጀሪካኑ ወደ ቅርጹ ተመለሰ።

ነገሩ ገባት። ክዳኑ ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ አለ። ፌስታሉ ደፍኖታል። አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ አይሄድም። እስከዛሬ ሞተሩን ሲያስነሣው የኖረው የካንዴላው መጠረግ ሳይሆን የክዳኑ መከፈት ነበር።

የተደፈነውን ቀዳዳ ለአባቷ አሳየችውና ፌስታሉን ኪሷ ከትታ ቁልፉን አዞረች። ሞተሩ ተነሣ። ጉማሬዎቹ ጋ ደረሱ፣ ዞሩ፣ ተመለሱ፤ አንዴም አልቆመም። ሮሆቦት ከደስታዋ ብዛት መጮህ አምሯት ነበር።

ዳርቻው ሲቃረብ አባቷ አጠገቧ መጥቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሮሆዬ፣ ብዙአየሁ ከጠየቀ ሽቦ ላልቶ ነበር እንበለው። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ማንም አይፈርድብሽም። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ጀልባ ነድቼ፣ ሞተሬን በፌስታል አፈንኩት ብል መሳቂያ ነው የምሆነው።»

ሮሆቦት አባቷን ትወደዋለች። አሳዘናትም። ግን ሽቦው የእሷ ሥራ ነው። ዛሬ «ላልቶ ነበር» ካለች፣ ነገ የየትኛውም ጀልባ ሞተር ቢበላሽ ጥፋተኛ ብለው የሚጠሩት የእሷን ስም ነው።

ጋሼ ብዙአየሁ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ዳር ቆመዋል።

«እህስ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነ? ሽቦው ነው አይደል?»

አምሳሉ አንገቱን ደፋ።

«ሽቦው ደህና ነው፣ ጋሼ» አለች ሮሆቦት። «ምን እንደነበር አባዬ ይነግርዎታል።»

አምሳሉ ቀና ብሎ አያት። እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ጋሼ ብዙአየሁ ጀልባዋን ሊያስሩላቸው ገመዱን እንድትወረውርላቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሮሆቦት ገመዱን ጨብጣ ቆመች። እስኪመሽም ቢሆን፣ አባቷ ሳይናገር አትወረውረውም።