ቀጥ ያለው ስፌት

ልብስ ሰፊው የተገኘው ስፌት መኪናው ላይ እንደተደፋ ነበር። በቀኝ እጁ በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት ጨብጧል፤ ጉልበቱ ላይ የአንድያ ልጁ የሙሽራ ቀሚስ ተዘርግቷል። ከቀሚሱ የቀረው የአንድ እጅጌ ጠርዝ ብቻ ነው።

የሟች ወንድም መርማሪውን በር ላይ ተቀበለው።

«ሚስቱ ናት! ፖሊስ ሳይደርስ ሻይ የጠጣበትን ብርጭቆ አጥባ ደርድራለች። ምን ትጠብቃላችሁ? እሰሯት እንጂ!»

«ቆይ» አለ መርማሪው። ለሁሉም ነገር «ቆይ» ስለሚል የሥራ ባልደረቦቹ ስሙን ትተው ጋሽ ቆይ ይሉታል።

ሚስትየዋ የሙሽራዪቱ እንጀራ እናት ናት።

«ብርጭቆውን ለምን አጠቡት?» አላት።

«የቆሸሸ ዕቃ አልወድም» አለች። ዓይኗ ግን ጥግ ላይ ወደተቀመጠችው ልጅ ይሸሽ ነበር።

ልጅቷ ትንሰቀሰቃለች። መርማሪው ሊያጽናናት እጇን ያዘ። ጣቶቿ በረዶ ናቸው። የእጇ አንጓ ላይ ጣቱን አሳረፈ፤ ከዚያ ሁሉ ለቅሶ ጋር የልብ ምቷ ዝግ ያለ ነው። ግር አለው።

ቀሚሱን አንስቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። የወገቡ ስፌት ይንሻፈፋል፤ ተፈትቶ እንደገና ተሰፍቷል። የአንገቱም እንደዚያው። የእጅጌው ግን በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

«እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«በጣም እንጂ!» አለ ወንድምየው። «ይሄ ቀሚስ እኮ አስለቅሶታል። ሌላ ሰው ይስፋው ብንለው፣ የልጄን ልብስ ሌላ እጅ አይነካውም አለን። ትናንት ግን ተሻለው።»

መርማሪው ለሐኪም ስልክ ደወለ። ሲመለስ ሦስቱንም በስፌት መኪናው ዙሪያ አስቀመጣቸው። ሥራውን የሚጠላው እንዲህ ባለው ሰዓት ነው።

«የሚንቀጠቀጥ እጅ በአንድ ቀን በራሱ አይጸናም» አለ። «የልብን ምት የሚያረጋ ኪኒን አለ፤ የእጅ መንቀጥቀጥንም ያበርዳል። ምት ያዘገያል፣ ጣት ያቀዘቅዛል። አስም ላለበት ሰው ግን አደጋ ነው፤ የአየር ቧንቧውን ያጠበዋል፣ የሚስበውም መድኃኒት እንዳይሠራለት ያደርጋል። ደረቱን ሲያፍነው ኪኒኑን ትቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነበረበት። እሱ ግን እጅጌውን ልጨርስ አለ። እዚህ ቤት ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው አለ። እጁም ቀዝቃዛ ነው።»

«እኔ ነኝ!» ሚስትየዋ ብድግ አለች። «እኔ ነኝ የሰጠሁት፤ ልጅቷን ይተዋት!»

«ቆይ፣ እመቤቴ። እርስዎ ብርጭቆውን ነው ያጠቡት። አጠገቡ የኪኒኑን ማሸጊያ ሳያዩ አልቀሩም፤ የማን እንደሆነም ገባዎት። ጥፋቱን በራስዎ ላይ አድርገው ደበቁላት።»

የሟች ወንድም ሚስትየዋን ቀና ብሎ ሊያያት አፈረ።

«ልቤ ሲመታብኝ ነው ያዘዙልኝ» አለች ሙሽራዪቱ፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ። «እጄንም እንደሚያረጋው አየሁ። አባዬ ቀሚሴን ይዞ ሲያለቅስ አላስቻለኝም፤ ከኪኒኔ ሰጠሁት። ሐኪሙ ሲያዝልኝ ጠይቆኝ ነበር… አስም አለብሽ ወይ ብሎ። የለብኝም አልኩት። እኔን ነዋ የጠየቀኝ!»

ጋሽ ቆይ ቀሚሱን አጣጥፎ አስቀመጠው። እንጀራ እናቷ ከጎኗ ተቀመጠችና ሁለቱን ቀዝቃዛ እጆቿን በመዳፏ ይዛ ታሻቸው ጀመር።