የተገለበጠው ዳቦ

ኢንስፔክተር ኦርኔላ ታንቺ ስትደርስ የሮም ቴስታቾ ሰፈር ሰው እኩሌታው በኦሬስቴ ቼኪኒ ምግብ ቤት በር ላይ ተኮልኩሎ ይሳደብ ነበር። ሞተር ሳይክሉን መንገድ መሃል ጥሎ የመጣው፣ ዘንቢሏን ያንጠለጠለችው፣ ከፎቅ መስኮት አንገቷን ያሰገገችው፣ ሁሉም አፉን የከፈተው በአንድ ሰው ላይ ነው። ሰውየው ሻፊቁል ይባላል። ከባንግላዴሽ የመጣ የቤቱ ሳህን አጣቢ ነው። እጆቹ ከፊት በካቴና ታስረው ደረጃው ላይ ተቀምጧል፤ ግንባሩ ላይ ምራቅ ይታያል።

«ማነው የተፋበት?» አለች።

«የሟች ሚስት፣ እትዬ ኤርሲሊያ» አለ ሳጅን ኤልቪዮ።

ኦርኔላ መሐረብ አውጥታ ዘረጋችለት። ሻፊቁል ቀና ብሎም አላያት።

«አልጠርገውም» አለ። «የተፋችው ትጥረገው።»

«ጥጋቡን አየሽልኝ?» አለ ኤልቪዮ።

«አንተ አፍህን ዝጋና በሩን ክፈት።»

ኦርኔላ ከዚያው ሰፈር የበቀለች የሥጋ ሻጭ ልጅ ናት። አጭር ናት፤ መነጽሯ ወፍራም ነው፤ ምላሷ ደግሞ ከአባቷ ቢላ ይስላል ይሏታል። ቀኑ ሐሙስ ነው፣ ሐሙስ ደግሞ ሮም ውስጥ ከድንች የሚድቦለቦል ኞኪ ይበላል። ኦሬስቴም ሊበላ ተቀምጦ ነበር። አሁን ፊቱን ሳህኑ አጠገብ ደፍቶ ሞቷል። አንድ ሰው ከኋላው ቆሞ ሙሉ የወይን ጠርሙስ ጭንቅላቱ ላይ ሰብሮበታል። ቀዩ ወይን በነጩ የጠረጴዛ ጨርቅ፣ በጨው ማስቀመጫው፣ በግድግዳው ላይ ሳይቀር ተረጭቷል። ፊት ለፊቱ ማንም ያልነካው ሌላ ሳህን አለ።

«ነገሩ ያለቀ ነው» አለ ኤልቪዮ። «ጠዋት ሟች በሰው ፊት አዋርዶታል። ጠረጴዛውን ያሰናዳው እሱ ነው። በሰዓቱ የት ነበርክ ሲሉት ወንዝ ዳር ብቻዬን ተቀምጬ ነበር ይላል።»

«አሻራስ?»

«ምን አሻራ አለ? በዚህ ቤት ጠርሙስ ያልነካ ማን ነው?»

«ታዲያ ያለቀው ምኑ ነው?»

ኦርኔላ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። መሃል ላይ ድፎ የሚያክል ክብ የገጠር ዳቦ ተቀምጧል። ዙሪያውን ሁሉ ወይን ጠጥቷል፤ የዳቦው ጀርባ ግን ዱቄቱ እንኳ ሳይነካ ደረቅ ነው። ጓንቷን አጠለቀችና በሁለት እጇ አነሳችው። ጠፍጣፋው ሆዱ በወይን ጠብታ ተዥጎርጉሯል። ከሥሩ የነበረው ጨርቅ ደግሞ ነጭ ነው፣ አልራሰም።

«እሰይ!» አለች ለራሷ፤ ከዚያ ዳቦውን ሸፍና ለኤልቪዮ ሰጠችው። «ይህን ማንም እንዳያየው። ስለ ዳቦ ትንፍሽ ብትል ምላስህን ቆርጬ ለድመት ነው የምሰጠው።»

ሻፊቁልን ወጥ ቤት አስገብታ በርጩማ ላይ አስቀመጠችው።

«ጠዋት በምን ተጣላችሁ?»

«በዳቦ።»

«በዳቦ?»

«ገልብጬ አስቀመጥኩ። እኛ አገር ችግር የለውም፤ እዚህ ሁልጊዜ እረሳዋለሁ። ጋሼ ኦሬስቴ ግን እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ። በእኔ ቤት የዳቦ ሆድ ወደ ላይ አያይም፣ ሞት ልትጠራብኝ ነው ወይ ብሎ ጮኸብኝ። ሁሉም ሰሙ፣ ሁሉም ሳቁ።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ደንበኞቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ለሁለት ሰው አሰናዳና ውጣልኝ አለኝ። ለማን እንደሆነ አልነገረኝም። ሁልጊዜ የምናቀርባት ትንሿ ዳቦ፣ ሮዜታ፣ አልቃ ነበር፤ ዳቦ ቤቱም ስለጨረሰ ባለቤቱ በጓሮ በር አንድ ትልቅ ዳቦ አምጥቶ ሰጠኝ። አስቀመጥኩና ወጣሁ።»

«እንዴት አድርገህ አስቀመጥከው?»

አንገቱን ደፋ። «ቸኩዬ ነበር... ገልብጬው ይሆናል። እንዲያውም ገልብጬዋለሁ።» ቀና ብሎ አያት። «እሱ እንዳለው ሞት ጠራሁበት እንዴ?»

«ሞት የጠራው ጠርሙስ ያነሳው ነው። ተነሥ።»

ዳቦ ጋጋሪውም ያንኑ መሰከረ፦ በዚህ ቤት ኦሬስቴ ከከፈተው ጀምሮ ከሮዜታ ሌላ ዳቦ ቀርቦ አያውቅም፤ ትልቁ ዳቦ የመጣው ዛሬ ብቻ ነው፤ ሲያመጣውም የፊቱ በር ተዘግቶ ነበር።

ኤርሲሊያ ፎቅ ላይ፣ መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ ጥቁር ለብሳ ጠበቀቻት።

«ምን ትጠይቂኛለሽ? እባብ በጉያችን አሳድገን ነደፈን! ከጎዳና አንስቶ እንጀራ ያበላውን ሰውዬ!»

«ሲገድለው አይተዋል?»

«ማየት ያስፈልጋል? ከላይ ወርጄ በሩን ብከፍት ባሌ ተደፍቷል። ጮህኩ። የዳቦ ቤቱ ሰውዬ ሮጦ መጥቶ በወገቤ ይዞ ወደ ውጭ ጎተተኝ።»

«ወደ ጠረጴዛው አልቀረቡም?»

«ከደፉ አላለፍኩም፣ ከባሌ ጀርባ ሌላ ያየሁት የለም! ደግሞ እኔን ትመረምሪያለሽ? አባትሽ ሥጋ ሲመዝን አውራ ጣቱን ሚዛኑ ላይ ያሳርፍ እንደነበር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል!»

«ያውቃል» አለች ኦርኔላ። «ለዚህ ነው እኔ የሰው እጅ ማየት የለመድኩት። ባለቤትዎ ከማን ጋር ሊበላ ነበር?»

«እኔን መቼ አማክሮኝ ያውቃል?»

ሽማግሌው ወጥ ሠሪ ናዛሬኖ ኞኪውን አብስሎ ከሰጠ በኋላ ጺሙን ሊላጭ ወጥቶ ነበር፤ ፀጉር አስተካካዩም አረጋግጦለታል። ከኦርኔላ ጋር ጓሮ ቆሙ።

«ጋሽ ናዛሬኖ፣ ኦሬስቴ ያንን ልጅ ለምን ነበር የሚጠላው?»

«ማን ጠላው አለሽ?» ሽማግሌው ተቆጣ። «ኦሬስቴ የሚጮኸው በሚወደው ሰው ላይ ነው። በእኔ ላይ ዕድሜውን ሙሉ ሲጮህ ኖሯል። ልጁን ከእሁድ ጀምሮ የአስተናጋጆች አለቃ ሊያደርገው፣ ኋላም ቤቱን ሊያስረክበው ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው የነገረኝ። ዳቦ የሚገለብጥ ሰው የዚህ ቤት ጌታ ሊሆን አይችልም፣ ብሎ ነበር የሚበሳጨው።»

«ፉልቪዮስ? የሚስቱ ወንድም?»

«ፉልቪዮ ከልጅነቱ ጀምሮ ቤቱ ነገ የእኔ ነው እያለ ሳህን ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ይህን ይወቅ አይወቅ እንጃለት።»

ፉልቪዮ ከመንገዱ ማዶ፣ ካፌው በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሻፊቁልን ለሚሰድቡት ሰዎች ሐዘኑን ያወራ ነበር። መልከ መልካም ነው። ሸሚዙ አሁን ከካውያ የወጣ ነው። እጆቹ ከአፉ ይቀድማሉ፤ ቢያስሩት ዲዳ የሚሆን ዓይነት ሰው ነው።

«ከመጨረሻው ደንበኛ ጋር ወጣሁ» አለ፤ በጣቶቹ መራመድ አሳየ። «ቤቴ ገብቼ ተኛሁ» አለ፤ ጉንጩን መዳፉ ላይ አስተኛ። «እህቴ ደወለችልኝ፣ በረርኩ። ፖሊሶችሽ ደግሞ እስካሁን ደፉን አላስረገጡኝም።»

«ሸሚዝህ አዲስ ነው።»

«በቀን ሁለቴ እቀይራለሁ። አስተናጋጅ ነኝ እንጂ አሳማ አርቢ አይደለሁም።»

«ከኦሬስቴ በኋላ ቤቱን ማን ይረከባል?»

«እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ? ያ ጥቁር አይጥ መሰለሽ?»

ኦርኔላ ተነሥታ ሄደች።

ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ሁሉንም ምግብ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነሥቷል። አንድ ንጹሕ ጠረጴዛ ዙሪያ አራት ወንበር አለ፤ በእያንዳንዱ ፊት በአነስተኛ ሳህን አንዳንድ ሮዜታ ተቀምጣለች፤ በመዳፍ የምትያዝ፣ አናቷ እንደ ጽጌረዳ የፈነዳ ዳቦ። አራቱም ተገልብጠዋል።

ኤርሲሊያ ገና ሳትቀመጥ «የትኛው አሳዳጊ የበደለው ነው እንዲህ ያስቀመጠው!» ብላ የራሷን አቃናች። ናዛሬኖ እያዛጋ የራሱን አቃና። ፉልቪዮ ወንበሩን እየሳበ፣ ዓይኑ ሻፊቁል ላይ እንዳፈጠጠ፣ የራሱን በሁለት ጣቱ አቃናት። ሻፊቁል ካቴናውን ጭኑ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ፤ የእሱ ሮዜታ እንደተገለበጠች ቀረች።

«ይህን ወንጀለኛ ከእኛ ጋር ማዕድ ታስቀምጪዋለሽ?» አለች ኤርሲሊያ።

«አስቀምጠዋለሁ። እራት ግን የለም» አለች ኦርኔላ፤ እሷ ቆማ ቀረች። «ጠርሙሱ ሲሰበር ወይኑ ሁሉን አርሷል። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ዳቦ ግን ጀርባው ደረቅ ነው፤ የተረጨው ሆዱ ነው። ከሥሩ ያለው ጨርቅም አልራሰም። ይህ ምን ማለት ነው? ኦሬስቴ ሲመታ ዳቦው ተገልብጦ ነበር። ከተመታ በኋላ አንድ ሰው አቃናው።»

ውጭ የሞተር ሳይክል ጥሩንባ ይጮኻል።

«ሟች አላቃናውም፣ ሞቷል። እትዬ ኤርሲሊያ ከደፉ አላለፉም፣ ዳቦ ጋጋሪው ምስክር ነው። ጋሽ ናዛሬኖ ምላጭ ሥር ነበሩ። አሁን ደግሞ ሳህኖቻችሁን እዩ። ሦስታችሁ ሳታስቡት አቅንታችኋል፤ ከእናታችሁ ጡት ጋር የጠባችሁት ነው። ሻፊቁል እጁ ይደርስ ነበር፣ አልነካትም። ለእሱ ዳቦ በየትም በኩል ቢተኛ ዳቦ ነው።»

ፉልቪዮ ሳቀ። «ይኸው ነው ምርመራሽ? ዳቦ ቆጠራ? ጠዋት የተሰደበበትን አስታውሶ ራሱ አቅንቶት ይሆናላ!»

«ሰዳቢው ሞቷል። ለማን ብሎ?»

«ፈርቶ ነዋ! ደንግጦ! ገደለው፣ ዞር ሲል ዳቦውን አየው፣ ከዚያ ይኸውልሽ እንዲህ አንሥቶ፣ እንዲህ አድርጎ...»

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፤ የፉልቪዮ ያመለጠው ግን እጁ ነው። ሁለቱ እጆቹ በአየር ላይ ተራርቀው ተከፈቱ፣ አንድ ከባድና ክብ ነገር ከጎንና ከጎን ይዘው አነሱ፣ ቀስ አድርገው ገለበጡ፣ መልሰው አስቀመጡ።

«እዚያው ላይ ቁም» አለች ኦርኔላ። «እጆችህን እያቸው።»

አያቸው። አሁንም ተራርቀው ነበር።

«በዚህ ቤት ዳቦ ማለት ይህ ነው» ብላ የፊቱን ሮዜታ በአንድ ጣት ነካችው። «ቅድም በሁለት ጣት ነው ያቃናሃት። ትልቁ ዳቦ እዚህ ቤት የገባው ዛሬ ብቻ ነው፤ በጓሮ በር፣ አንተ ወጣሁ ካልክ በኋላ። እኔ ዳቦ አልኩ እንጂ ትልቅ ነው አላልኩም። ያየው ጋጋሪው፣ ሻፊቁልና እኛ ፖሊሶች ነን፤ አንድ ደግሞ ገዳዩ። ሁለተኛው ሳህን የአንተ ነበር። ኦሬስቴ ቤቱ ለማን እንደሚሆን ሊነግርህ ጠራህ።»

ፉልቪዮ እጆቹን ጠረጴዛው ሥር ደበቀ። ኤርሲሊያ ዞራ አየችው።

«ፉልቪዮ?» አለች። «በእናታችን ሞት፣ አይደለሁም በል።»

«የአንቺን ቤት!» ጠረጴዛውን በጉልበቱ ገፍቶ ተነሣ። «የአንቺን ቤት ለሳህን አጣቢ! ኞኪ እየጎረሰ ነገረኝ፣ እያላመጠ! አንተ ጥሩ አስተናጋጅ ነህ፣ ጌታ ግን አይወጣህም አለኝ! እኔ ለማን ብዬ ነው ወገቤ የጎበጠው? ለማን?»

ኤልቪዮ ካቴናውን ከሻፊቁል እጅ ፈትቶ ፉልቪዮ ላይ አጠለቀው። በሩ ሲከፈት ውጭ የቆመው ሰው ጸጥ አለ፤ ከዚያ ስድቡ እንደገና ተነሣ፣ አሁን በሌላ ስም።

ሻፊቁል የእጁን አንጓ አሻሸ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ የራሱን ሮዜታ አነሣና አቃንቶ አስቀመጣት።

«አሁን ነው?» ብላ ጮኸች ኤርሲሊያ፤ እንባዋ ያን ጊዜ መጣ። «አሁን! ጋሼህ ሲለምንህ፣ ሲጮህብህ ከርሞ! ዛሬ ቀን እንዲህ ብታደርጋት ምን ነበረበት!»

«እትዬ ኤርሲሊያ» አለች ኦርኔላ ካፖርቷን እያነሣች። «ዛሬ ቀን አቅንቶት ቢሆን ኖሮ ማታ እስር ቤት የሚያድረው እሱ ነበር። ነገ ጠዋት ይህን በር የሚከፍትልዎት ደግሞ ወንድምዎ።»

ኤርሲሊያ የሻፊቁልን ግንባር አየች። ከዚያ የጠረጴዛ ናፕኪን አንሥታ ጫፉን ውሃ ብርጭቆ ውስጥ ነከረች፣ ተነሥታ ዞረችና አጠገቡ ቆመች።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችው በቁጣ፤ አገጩን በአንድ እጇ ይዛ፣ የደረቀውን ምራቅ እያሸች ጠረገችው።