የእማዬ ክፍል መብራት

የሟቿ ሐብል የጠፋው ገና ሬሳዋ ከአልጋ ሳይነሳ ነው።

ከአንገቷ ወርዶ የማያውቅ ወርቅ! ንጋት ላይ ነበረ፤ ገላዋ ታጥቦ ሲያበቃ የለም። ሳጅኑ መጥቶ የሁሉንም ቦርሳ አራገፈ፣ ፍራሽ ገለበጠ፣ ሰርቪስ ቤት የሚኖረውን ተከራይ ሳይቀር ካልሲውን አስወለቀው። ከሽታ በቀር የወጣ ነገር የለም።

ቀረች እታበባ፤ ልጆቹን ያሳደገችው የቤት ሠራተኛ።

"ከአንቺ ሌላ ማን ነካት?" አለ ሳጅኑ።

"እህቷም ነበረች።"

"እህት ከእህቷ ሬሳ ላይ ትሰርቃለች?"

"እኔስ እሰርቃለሁ?"

መልሱ ካቴና ሆነ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው።

ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደግሞ የሟቿ ክፍል መብራት አመል አወጣ። በር ሲዘጋ ድርግም። ሰው ኮሪደሩ ላይ ሲራመድ ብልጭ። የልጆቹ አባት፣ ያ በር የማይበቃው ግዙፍ ሰውዬ፣ "ወርቄን አምጡ እያለች ነው" ብሎ ክፍሉን ቆለፈና ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ። የሟች እህት፣ ነርሷ፣ በየቀኑ እየመጣች "ክፈቱልኝ፣ አልጋዋ ላይ ላልቅስላት" ብትል ወይ ፍንክች።

የቤቱን የመጨረሻ ልጅ፣ የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሪዋን፣ ኮረንቲ ይሏታል። ለሙያዋ ብቻ ሳይሆን ምላሷ የነካውን ሁሉ ስለሚነዝር ነው። እሷም መብራቱን ትፈራለች፤ የበለጠ የምትፈራው ግን የፍርድ ቤቱን ቀጠሮ ነው። እታበባ ከተፈረደባት አለቀ፤ አባቷ ደግሞ መብራቱን የእናቷ ክስ ነው ብሎ እስካመነ ለእታበባ አይቆምላትም።

"አባዬ፣ ቁልፉን አምጣ። አዲስ መብራት ልግጠም።"

"አንቺ ልጅ፣ እናትሽን ልታጠፊያት ነው?"

"እማዬ ከሆነች በአዲሱም ትበራለች። ሽቦ ከሆነ ግን ቤቱ ይቃጠልና ሁላችንም እሷ ጋ እንሄዳለን። ምረጥ።"

ቁልፉን ሰጣት፤ እሱ ግን ከደጃፉ አላለፈም።

ቆጣሪው ሥር ያለውን ብሬከር አወረደች፤ ማንም እንዳይመልሰው በናስትሮ ለጠፈችው። መሰላሉ ላይ ወጣች። ክፍሉ የእናቷን ቅባት ይሸታል። ትራሱ ላይ የጭንቅላቷ ጉድጓድ እንዳለ ነው።

"እማዬ፣ እኔ ነኝ፤ እንዳታስደነግጪኝ" አለች በሹክሹክታ።

የመብራቱን ክብ መያዣ ፈትታ ዝቅ አደረገች። ሽቦዎቹን በቴስተር ነካች። ቴስተሩ አልበራም። አሁን እጅ ይገባል።

አንዱ መጋጠሚያ በጥቁር ናስትሮ የተጠቀለለ፣ አቧራ የጠጣ የድሮ ሥራ ነው። ሌላው ግን በነጭ ፕላስተር ታስሯል፤ በቁስል ፕላስተር! ሙቀት አጠይሞታል። ውስጡ መዳቡ ላልቷል፤ በር በተመታ ቁጥር የሚርገበገበው ይሄ ነው። የፕላስተሩ ጫፍ ደግሞ ወደ ውስጥ ታጥፏል።

እጇን ኮርኒሱ ቀዳዳ ውስጥ ሰደደች። ቀዝቃዛ ነገር ጣቷ ላይ ተጠመጠመ። ጩኸቷን ዋጠችው። ሐብሉ ነው።

"ምን አገኘሽ?" አለ አባቷ ከደጅ።

"ሽቦ።"

ወርቁ ብቻውን ቢወጣ "እታበባ ናታ የደበቀችው" ይባላል። ሐብሉንም ፕላስተሩንም ኪሷ ከተተች። የተቃጠለውን የሽቦ ጫፍ ቆርጣ ስትልጥ ቢላዋው አውራ ጣቷን አገኘው። እየደማች አዲሱን መብራት አሰረች። ብሬከሩን ስትመልሰው ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ቆመ። አባቷ በሩን ደጋግሞ በኃይል ዘጋው፤ መብራቱ ንቅንቅ የለም።

ያኔ አክስቷ መጣች። እንደዚያ የናፈቃትን አልጋ አላየችም። መጀመሪያ ያየችው ኮርኒሱን ነው።

"ውይ የኔ ልጅ፣ ደምሽ!" ብላ ቦርሳዋን ከፈተች። ፕላስተሩን በጥርሷ ቆረጠች፣ የኮረንቲን ጣት ጠቀለለች፣ ጫፉን ወደ ውስጥ እጥፍ።

"አክስቴ፣ ይቺ እጥፋት ለምንድን ናት?"

"ሲነሳ በሽተኛው እንዳያመው። የኔ አመል ናት፤ እዚያ ሥራ ቦታ ይስቁብኛል።"

ኮረንቲ የጠየመውን ፕላስተር አውጥታ ከጣቷ ጎን ያዘችው።

"ሽቦውስ በሽተኛ ነበር?"

አክስትየዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ሐብሉ የእናታችን ነው" አለች። "'ተራ በተራ አድርጉት' ብላን ነው የሞተችው። የኔ ተራ ግን አልደረሰም። ሠራተኛዋ ውሃ ልታሞቅ ስትወጣ ከአንገቷ ፈታሁት። ወንበር ላይ ወጥቼ ክቡን ስስበው ሽቦው ተነቀለብኝ፤ ባለኝ ነገር አሰርኩት። ለቀስተኛ ሲቀል ላወጣው ነበር። እሱ መብራት አባትሽን አስፈራርቶ በሩን አስቆለፈብኝ።"

"እታበባስ?"

"ማስረጃ የለም፣ ትፈታለች ብዬ…"

"ማን ሊያስፈታት፣ አንቺ ዝም ብለሽ?"

አባትየው ይህን ሁሉ ደጃፉ ላይ ሆኖ ሰምቷል። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክፍሉ ገባ። ከዚያ ሳጅኑ ጋ ደወለ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ አንዷ ተራ ረሳች፣ ሌላዋ ሰው አሳሰረች።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አክስትየዋ ስትገባ እታበባ ወጣች። ከስታለች። ተያዩ።

"ይቅር በይን" አለ አባትየው አንገቱን ደፍቶ። "ወደ ቤታችን እንሂድ።"

"ጋሼ፣ የሞተችው ድርግም ስትል ቃሏን ሰሙ። እኔ በቁሜ 'አልወሰድኩም' ብዬ ስጮህ አልሰሙኝም። የትኛው ቤታችን?"

ፌስታሏን አንስታ በወዲያኛው መንገድ ሄደች።

ኮረንቲ አባቷን አየችው። ከዚያ ሮጠች። ደረሰችባትና የፌስታሉን አንዱን ማንጠልጠያ ያዘች።

እታበባ አልለቀቀችላትም፤ አልነጠቀቻትምም። ሁለቱም እንደያዙት መንገዱን ተያያዙት።