አምስት ጨረቃ

«ጊዜ እየሄደ ነው!» አለ የተኩስ ፈተናውን የሚመራው አሰልጣኝ፣ ፊሽካውን ወደ ከንፈሩ እያስጠጋ።

ሽቦ የሚሏት ልጅ እናት ሰምታዋለች፤ ግን ምን ታድርግ? የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥይቶች ተኩሳለች። አሁን ባዶዎቹን ቀለሆች አራግፋ ሌላ አምስት ማጉረስ አለባት፤ ቀለሆቹ ግን አንወጣም ብለዋል። ጥይት የሚጎርሰውን ከበሮ ወደ ጎን ከፍታ መግፊያውን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። ሁለቱ ወደቁ። ሦስቱ ግማሽ መንገድ ወጥተው ቆሙ። ነቀነቀቻቸው፤ አራገፈቻቸው፤ በመጨረሻም የፀጉር ማስያዣዋን መዝዛ መቆርቆር ጀመረች።

ፊሽካው ተነፋ።

ከመስታወቱ ጀርባ ሆና የምታየው የአሥራ አራት ዓመት ልጇ ዓይኗን ጨፈነች። መዝገብ ላይ ሌላ ስም አላት፤ ከቅጥነቷ የተነሳ ግን ቤትም ትምህርት ቤትም «ሽቦ» ነው የምትባለው። አጠገቧ የቆመው ታክሲ ነጂው አጎቷ ሳቁን ለመያዝ ጉንጩን ነፋ።

«በፀጉር ማስያዣ!» አለ። «ሌባ ሲመጣ ‹አንዴ ታገሠኝ፣ ፀጉሬን ልፍታ› ልትለው ነው?»

«አጎቴ፣ ሙድ አትያዝ» አለችው ሽቦ።

ሽጉጡ የአያቷ ነበር። አፈሙዙ ከሽቦ ጣት የማይረዝም፣ ዕድሜው ግን እናቷን የሚበልጥ፣ አምስት ጎራሽ አሮጌ ሽጉጥ ነው። አያቷ «ድንቡሼ» ይሉት ነበር። አንድ ወርቅ ቤት በር ላይ ሃያ ሁለት ዓመት ጥበቃ ሲሠሩ ከወገባቸው አልተለየም። ከመለማመጃው ሜዳ ውጪ ግን አንድም ቀን አልተኮሱበትም፤ በዚህም ይኮሩ ነበር። ከአራት ወር በፊት ሲያርፉ ሥራውንም ሽጉጡንም እናቷ ወረሰች። ቀበቶው በአያቷ ሆድ ልክ የተሠራ ስለነበር እሷን ሁለት ጊዜ ሊዞራት ምንም አልቀረው፤ በምስማር አራት አዳዲስ ቀዳዳ በስተውለት ነው ልኳ የሆነው። እስካሁን የምትይዘው በጊዜያዊ ወረቀት ነው። ፈቃዱ በስሟ እንዲዞር በራሱ በድንቡሼ ተኩሳ ፈተና ማለፍ አለባት፤ ዕድሉ ደግሞ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለተኛውም ካልተሳካ ድንቡሼ ለመንግሥት ተመላሽ ይሆናል።

ወደ ቤት የተመለሱት በአጎቷ ታክሲ ነው። ወሬ የጀመረው እሱ ነው።

«ምን አስጨነቀሽ? ወርቅ ቤቱ አዲስ ሽጉጥ ይሰጥሻል። ይሄኛው እኮ ጡረታ መውጣት ያለበት ነው።»

«እሱ አይደለም» አለች እናቷ፣ በመስኮቱ ውጪ ውጪውን እያየች። «አባባ በዚህ ሽጉጥ አንድም ቀን እንዲህ አልሆነባቸውም። ጥፋቱ የእጄ ነው። የሳቸው እጅ የለኝም፣ በቃ። ለሁለተኛ ጊዜ ሄጄ አልዋረድም፤ ሰኞ እመልሰዋለሁ።»

የእጅ ጉዳይ እንዳልሆነ የምታውቀው ሽቦ ብቻ ነበረች።

አያቷ በሕይወት እያሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልምምድ ሲመለሱ ጥይቶቹን ከድንቡሼ አውጥተው ባዶ የእንቁላል መደርደሪያ ላይ ያቆሟቸዋል። ከዚያ ሁለቱም ጮክ ብለው እስከ አምስት ይቆጥራሉ። መደርደሪያው ሌላ ክፍል ገብቶ ይቆለፍበታል። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ሁለቴ ካዩ በኋላ ነው ብሩሹን ለሽቦ የሚሰጧት። እሷም አምስቱን ቀዳዳዎች ጥቀርሻው እስኪለቅ ድረስ አንድ በአንድ ትፈትጋለች። ስታበቃ አያቷ ከበሮውን ወደ መስኮቱ ያዞሩና አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ።

«አምስት ጨረቃ ካላየሽ አልጨረስሽም» ይሏታል።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ሥራው የሷ ብቻ ሆነ። እናቷ ቅዳሜ ከልምምድ ስትመለስ ጥይቶቹን ትቆልፋለች፣ ባዶውን ሽጉጥ ትሰጣታለች፣ ከዚያ ገላዋን ልትታጠብ ትገባለች። የመጀመሪያው ቅዳሜ ሽቦ ብሩሹን ስታነሳ እንባዋ መጣና መልሳ አስቀመጠችው። ያ ሐዘን ነበር። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ ግን ስልኳ ላይ የምታየው ነገር ነበራት። ያ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም። የሽጉጡን ላይ ላዩን በዘይት ጨርቅ ታብለጨልጨዋለች፤ ከመታጠቢያ ቤት «ጨረስሽ?» የሚል ድምፅ ሲመጣ «ጨረስኩ!» ትላለች። እንዲህ እንዲህ እያለች አራት ወር ሞላት።

ቤት እንደገቡ እናቷ ባዶውን ድንቡሼን በጨርቅ ጠቅልላ የጫማ ካርቶን ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ካርቶኑን የምታሽግበት ፕላስተር መፈለግ ያዘች። ሽቦ በሩን ተደግፋ አየቻት። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። እንዲያውም ከእንግዲህ ቅዳሜዎቿ ነፃ ናቸው። እናቷ ግን ፕላስተሩን እየላጠች አውራ ጣቷን ደጋግማ ታየው ነበር፣ የከዳት ያህል። ሽቦ ይህን ማየት አልቻለችም።

«እማ፣ ጣትሽ አይደለም።»

«ምኑ?»

«ጨረስኩ ስልሽ... አልነበረም የምጨርሰው። ውስጡን ነክቼው አላውቅም። አባባ ከሞቱ ጀምሮ።»

እናቷ ፕላስተሩን አስቀመጠች። ድንቡሼን አውጥታ ከበሮውን ከፈተችና ወደ መስኮቱ አዙራ በአንድ ዓይኗ አየች።

«ይሄማ የጭስ ማውጫ ነው!»

ሽቦ ቁጣውን ጠበቀች። እናቷ አልጋው ላይ ቁጭ አለች።

«አራት ወር ሙሉ?»

«አራት ወር።»

«እኔ እኮ አውራ ጣቴን ጂም ላስመዘግባት ነበር!» አለችና ሳቋ አመለጣት። ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ድንገት ኮስተር አለች። «ደግሞ ስለሳቅኩ ያልተናደድኩ እንዳይመስልሽ። ስልክሽን ወዲህ በይ። እስከ ቅዳሜ፣ ሁለተኛው ፈተና እስኪያልፍ እኔ ጋ ይቆያል።»

ሽቦ ያለ ምንም ክርክር ሰጠቻት። ይህ በቤቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

ያን ቀን አብረው ፈተጉ። የሚወጣው ጥቀርሻ ሦስት ጨርቅ አበላሸ። ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሳሉ ሽቦ አንድ ነገር ትዝ አላት።

«እማ፣ አባባ ቀለህ ሲያራግፉ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ነበር የሚያዞሩት። አንቺ ወደ መሬት ትይዢዋለሽ። መግፊያው አጭር ስለሆነ እስከ መጨረሻው አይገፋም። እሳቸው ወደ ላይ ያደርጉና መግፊያውን በመዳፋቸው አንዴ ጧ!»

«ይሄን ሁሉ መቼ አየሽ?»

«ሁልጊዜ አብሬያቸው እሄድ አልነበር?»

ሳምንቱን ሙሉ እናቷ በተተኮሱ ባዶ ቀለሆች ተለማመደች። ከሥራ ስትመለስ ጧ! ቁርስ ሳይቀርብ ጧ! ሐሙስ ዕለት ጎረቤት ምስማር እየመታችሁ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ቅዳሜ አሰልጣኙ እናቷን ሲያያት ፈገግ አለ። «ማስያዣሽስ?»

«ፀጉሬን በሻሽ አስሬዋለሁ፤ መመለሻ የለኝም» አለችው።

ድንቡሼ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ሲተኩሱት ግን እጅ ያነሳል። አምስት ጊዜ ጮኸ። እናቷ ከበሮውን ከፈተች፣ አፈሙዙን ወደ ሰማይ አዞረች፣ በመዳፏ ጧ! አምስቱም ቀለሆች ሲሚንቶው ላይ ተንከባለሉ። ሽቦ ከመስታወቱ ጀርባ ዘለለች፤ አጎቷ ደግሞ ሳያስበው አጨበጨበ። አምስት ጎረሰ፤ አምስት ተኮሰች፤ ፊሽካው የተነፋው ከዚያ በኋላ ነው።

አሰልጣኙ ዒላማውን ይዞ ከእናቷ ጋር ወደነሱ መጣና ቀዳዳዎቹን ሁለት ጊዜ ቆጠረ። «ክቡ ውስጥ ሰባት። ማለፊያው ሰባት ነው።»

«አንዷ መስመሩ ላይ አይደለችም እንዴ?» አለ አጎቷ።

እህቱ፣ የሽቦ እናት፣ በክርኗ ጎሸመችው።

«መስመር ይቆጠራል» አለ አሰልጣኙ፣ ወረቀቱን እየፈረመ።

ቤት ሲደርሱ ድንቡሼ ለመንገዱ የጎረሳቸው ጥይቶች እንቁላል መደርደሪያው ላይ ቆሙ። እናትና ልጅ እስከ አምስት ቆጠሩ። እናቷ ቆለፈችባቸው፣ ባዶውን ድንቡሼን ሰጠቻት፣ ስልኳንም አጠገቡ አስቀመጠችላት። ከዚያ እያንጎራጎረች መታጠቢያ ቤት ገባች። ሳታያት፣ ሳትጠብቃት፣ እንደ ድሮው።

ሽቦ ፈተገች። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ነዘረ። አንድ መልእክት ገባ፤ ሌላም ተከተለ። ከበሮውን ወደ መስኮቱ አዙራ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። አራት ጥርት ያሉ ጨረቃዎች። አምስተኛው ጠርዙ ላይ ቀጭን ጥቁር ክር ቀርቶታል፤ ከሷ በቀር የሚያየው ሰው የለም።

«ጨረስሽ?» የሚል ድምፅ መጣ ከውሃው ጀርባ።

ሽቦ ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና ብሩሹን ዘይቱ ውስጥ ነከረችው።

«አልጨረስኩም፣ እማ!»