ተነብቦለት ፈረመ

«ጻፊ፣ ልጄ» አሉ ዳኛው።

የኒልጉን ጣቶች ከሐሳቧ ቀድመው ተነሡ። በፍትሕ ሙያ ትምህርት ቤት እጆቿን በፎጣ እየሸፈኑ፣ ፊደሎቹን ሳታይ እንድትጽፍ አሠልጥነዋታል። እስከ ትናንት ድረስ ግን በዚህ ችሎት የተለማማጅነት ሥራዋ ከጸሐፊዋ ከእትዬ ሙአላ ጎን ተቀምጦ ማየት፣ የታተመውን ወረቀት ለምስክር ወስዶ ማስፈረም፣ እስክሪብቶውንም መልሶ ማምጣት ብቻ ነበር። ዛሬ ጠዋት እትዬ ሙአላ የእጅ አንጓዋ አብጦ፣ በሻሽ ጠቅልላው መጣች።

«ዛሬ አንቺ ነሽ» አለቻት። «ምስክሩ የሚለውን አትጻፊ። እሱ ይናገራል፤ ዳኛው አሳጥረው ይነግሩሻል፤ አንቺ የዳኛውን ቃል ብቻ ትጽፊያለሽ። ጆሮሽን ለሁለት ከከፈልሽው አለቀልሽ።»

ከችሎቱ በፊት ፈርዳ ኮሪደሩ ላይ ከእናቷ ጋር ተቀምጣ ነበር። ከኒልጉን ጋር በትምህርት ቤት አንድ ዴስክ ነው የሚጋሩት። ኒልጉንን ስታይ ተነሥታ መጣች።

«ኧረ እጅ አለሽ እንዴ! እኔ እኮ ከነፎጣሽ የተወለድሽ ነበር የሚመስለኝ።»

ሁለቱም ለመሳቅ ሞከሩ። የፈርዳ ከንፈር ደርቋል። አባቷ ፎርማን ሃይሪ ባለፈው ጸደይ በጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ የእንፋሎት ቦይለሩ ሲፈነዳ ሞተ። ፋብሪካው «እንፋሎቱ እንዳይተነፍስ ቫልቩን በሽቦ ያሰረው ራሱ ነው፤ በራሱ ጥፋት ነው የሞተው» ይላል። ይህ ከተጻፈ ካሳው ቀረ፤ ስሙም እንደዚያው ሆኖ ይቀራል።

«ቀስ ብለሽ ጻፊ፣ እሺ?» አለች ፈርዳ። «የአባቴን ስም እንዳትሳሳቺ።»

በሩ ላይ የፋብሪካው ባለቤት ሪፍኪ ቤይ መቁጠሪያቸውን በጣታቸው እያንሸራተቱ ቆመዋል። ኒልጉን አንገቷን ደፍታ ልታልፍ ስትል ድምፃቸው ያዛት።

«የሰርቪስ ሹፌራችን ልጅ አይደለሽም?»

«ነኝ።»

«አባትሽ ጎበዝ ነው። የሰርቪሱን መስመር ለእኔ ስጠኝ የሚለኝ ብዙ ነው፤ እኔ ግን እምቢ እላለሁ።» ፈገግ አሉ። «እስከ ዛሬ።»

አሁን እሳቸው ከኋላዋ፣ መጀመሪያው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል። መቁጠሪያው ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ከራሷ ጣቶች ድምፅ ለመለየት አስቸገራት። በመስኮቱ በኩል ወንዙ ይታያል፤ ዛሬ ፋብሪካው ቀይ እያቀለመ ነው መሰል፣ ውሃው ቀልቶ ይወርዳል። የፈርዳ እናት ጠበቃ ወንበር ባዶ ነው። ጠዋት ደውሎ «አሞኛል» ብሏል። ትናንት ማታ ሻይ ቤት ሲስቅ ያዩት ሰዎች አሉ፤ ግን ማንም አላነሣውም።

ምስክሩ ዱርሱን የቦይለር ሠራተኛ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ኮፍያቸውን እያጠማዘዙ ተናገሩ።

«ሽቦውን ያሰረው ሃይሪ ነው፣ አልዋሽም። ግን መጀመሪያ እምቢ ብሎ ነበር። ሪፍኪ ቤይ ራሳቸው መጡና አጠገቡ ቆሙ። ‹እሰረው፤ አለዚያ ኮትህን አንሥተህ ውጣ› አሉት። አማራጭ ሲያጣ አሰረው። ከዚያ እኔን ‹ዱርሱን፣ አንተ ራቅ በል› አለኝ። እሱ ባይለኝ ዛሬ እዚህ አልቆምም።»

መቁጠሪያው ዝም አለ። ከኋላ ወንበር የፈርዳ ትንፋሽ ተሰማ።

ዳኛው ሻያቸውን አማሰሉ። ቀዝቅዟል። ምስክሩን ሳያዩ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ ከጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ በማያልፍ ዝቅተኛ ድምፅ፣

«ጻፊ፣ ልጄ» አሉ። «‹የእንፋሎቱን ቫልቭ በሽቦ ያሰረው ሟች ሃይሪ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ።›»

ጻፈች። ጣቶቿ ቁልፎቹ ላይ አርፈው ቀሪውን ጠበቁ።

«‹ሌላ የማውቀው የለም። ቃሉ ተነብቦለት ፈረመ።› በቃ፣ አትሚው።»

ይህንንም ጻፈችው። ፎጣ ሥር እንዳሉ እጆች፣ ሳታይ። የፋብሪካው ጠበቃ ፊቱ ያለውን ስክሪን አየና ፋይሉን ቀስ አድርጎ ዘጋ። መቁጠሪያው እንደገና ጀመረ።

ኒልጉን ዞር አለች። ፈርዳ ከሩቅ ስክሪኑ አይታያትም። የሰማችው ሁሉ የተጻፈ መስሏታል፤ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች ለኒልጉን ፈገግ አለችላት።

«እትዬ» አለች ኒልጉን በሹክሹክታ፣ «የቀረ አለ።»

እትዬ ሙአላ የታሰረ እጇን ታያለች። «ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ?»

«ሰምቻለሁ አልኩሽ እኮ። ወረቀቱን ውሰጂላቸው። እስክሪብቶውንም።»

ወረቀቱ ከማተሚያው ሞቆ ወጣ። ከጠረጴዛው እስከ ምስክሩ ያለው መንገድ አጭር ነው። በሪፍኪ ቤይ ፊት ያልፋል። ጫማቸውን ሰብሰብ አድርገው አሳለፏት።

«ለአባትሽ ሰላም በይልኝ» አሉ፣ ለሌላ ሰው በማይሰማ ድምፅ።

አባቷ በየማለዳው ሰርቪሱን ሲያሞቅ፣ ሞተሩ የመኝታ ቤቷን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። በዚያ ድምፅ ነው የምትነቃው። ያ ድምፅ የሌለበት ጠዋት ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞከረች።

«የት ጋ ነው፣ ልጄ?» ዱርሱን እጃቸውን ዘረጉ። እንደ ሁሉም ምስክር፣ ዓይናቸው የሚፈልገው የፊርማውን ቦታ ብቻ ነው። ሳይነበብልኝ እንዴት ልፈርም ብሎ የጠየቀ ሰው እስከ ዛሬ አላየችም።

ኒልጉን የመጨረሻውን መስመር አየችው። ራሷ የጻፈችው ነው። ተነብቦለት ፈረመ።

እስክሪብቶውን ወደ መዳፏ ሰበሰበችው።

«ጋሽ ዱርሱን» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነባት፤ «ገና አላነበብኩልዎትም።»

«ምንድን ነው እሱ?» አሉ ዳኛው።

«‹ተነብቦለት ፈረመ› ይላል፣ ክቡር ዳኛ።»

እትዬ ሙአላ ቀና አለች። መቁጠሪያው ቆመ። በዚህ ጊዜ ግን መልሶ አልጀመረም።

ኒልጉን ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች። ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ፣ ምን እንደ ተጻፈና ምን እንደ ቀረ ከኋላ ወንበር ድረስ እንዲታወቅ፣ ቀስ ብላ ማንበብ ጀመረች። የሃይሪ ስም ጋ ስትደርስ አልተሳሳተችም።